አያቴ ብረት ቀጥቃጭ እንደነበሩ በ28 ዓመቴ ሰማሁ

የአዘዞ ልጅ — ጥር 18፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራዬ ወረቀት ነው። የጨረታ ሰነድ አያለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ። ደሞዙ በወሩ ይመጣል። አባቴ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ «ኢንጂነሩ ልጄ» ብሎ ነው የሚያስተዋውቀኝ።

ባለፈው ክረምት የእናቴ መጥረቢያ ተሸርፎ ላሠራ ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። ሽማግሌው የመኪና ባሌስትራ ቆርጠው እሳቱ ውስጥ ከተቱ። አንድ ልጅ ወናፉን ይነፋል። ብረቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ብርቱካን መሰለ። እሳቸው ምንም አይለኩም። ዝም ብለው ቀለሙን ያያሉ። አውጥተው ቀጠቀጡት፣ መልሰው አጋሉት፣ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ከዚያ ጫፉን አሸት አሸት አድርገው እንደገና ወደ እሳቱ አስጠጉትና የገለባ ቀለም እስኪይዝ ጠበቁ።

ይህን ሁሉ እኔ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት እንደማይስበው አውቃለሁ። ከነከሩት በኋላ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለው መሃል መልሰው ካላሞቁት እንደ ብርጭቆ እንደሚሰበርም አውቃለሁ። ግን አንድም ቀን በእጄ ሠርቼው አላውቅም። ሽማግሌው ፊደል አልቆጠሩም። እኔ በቁጥር የማውቀውን እሳቸው በዓይናቸው ያውቁታል። እዚያ ቆሜ ውስጤ የሆነ ነገር ተነቃነቀ። ሌላ ቃል የለኝም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ወናፍ መንፋት ጀመርኩ። ከዚያ ጉጠት መያዝ። ከዚያ መዶሻ። ለቤተሰብ አልነገርኩም። በጥምቀት ሰሞን ግን እራት ላይ አመለጠኝ። «ሥራዬን ትቼ ዘመናዊ የብረት ሥራ ቤት ብከፍት ምን ይመስልሃል?» አልኩት አባቴን። የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና ተነሳ። ሦስት ቀን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ወጥ ቤት ጠራችኝ። «አባትህ የቀጥቃጭ ልጅ ነው» አለችኝ።

አያቴ ከጎንደር በስተሰሜን ባለ አንድ ገጠር ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ጎረቤት ማረሻ ሲፈልግ ደጃቸው ይመጣል። ልጅ ሲታመምበት ደግሞ «ቡዳ በላብኝ» ብሎ ጣቱን ወደ እነሱ ይቀስራል። ድግስ ላይ ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት። አባቴ በ17 ዓመቱ ጥሎ ወጣ። አዘዞ ገብቶ ቀን ሥራ ሠራ፣ እናቴን አገባ፣ ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። አያቴ ሲሞቱ እንኳ ለቅሶውን እቤታችን አልተቀመጠም።

በኋላ ሲያናግረኝ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ከዚያ ስም እንድትወጣ ነው ያስተማርኩህ። አንተ በእግርህ ተመልሰህ ልትገባ ነው?»

ጥያቄዬ ሥራ ልልቀቅ ወይስ አልልቀቅ አይደለም። ከዚያ በፊት ነው። ይህ የምፈልገው ነገር የኔ ነው? የአያቴ ደም ነው? ወይስ የተከለከለ ስለሆነ ብቻ ጣፈጠኝ? ሰው የሆነ ነገር ይዞ ይወለዳል ወይስ ያሳደገው ሰው የቀባውን ይሆናል? ስድስት ወር ሙሉ እጄ ያለበትን ጥላሸት ቢሮ ከመግባቴ በፊት ስፈትግ ነበር። ማንን ፈርቼ እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

---

ፒያሳ ባለሱቅ — ጥር 18፣ ከምሽቱ 3፡42

ወንድሜ፣ ደሞዝህን እንዳትለቅ። ቅዳሜና እሁድ ሥራ፣ ገበያውን እየው፣ ከዚያ ታስባለህ። ብየዳ ቤት የሚከፍት ሞልቷል። የጎደለው ጥሩ መሣሪያ የሚሠራ ነው። አባትህን ግን አትጫነው።

---

ጡረተኛው መምህር — ጥር 19፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ ለሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። «ደም ነው ወይ» ያልከውን ልመልስልህ። ደም አይደለም።

ይህች ከተማ አጼ ፋሲል ከመሠረቷት ብዙም ሳትቆይ ሰውን በሰፈር መለየት ጀመረች። በ1668 እ.ኤ.አ. በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጉባኤ ተደርጎ ሙስሊሙ ለብቻው እንዲሰፍር፣ ቤተ እስራኤሉም ለብቻው እንዲሆን ተወሰነ። የሙስሊሙ ሰፈር አዲስ ዓለምም የቤተ እስራኤሉ ካይላ ሜዳም ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዙ ናቸው። እነዚያው ሰዎች ግን የነገሥታቱን ግንብ ሲገነቡ፣ እንጨቱን ሲጠርቡ፣ ብረቱን ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። ዛሬ ቱሪስት የምናስጎበኘው ግንብ ውስጥ የእጃቸው ሥራ አለ።

ለምን እነሱ ቀጥቃጭ ሆኑ? እጃቸው ስለተለየ አይደለም። ርስት የመያዝ መብት ስለተነፈጋቸው ነው። መሬት የሌለው ሰው በምን ይኑር? በእጁ ሙያ። ከዚያ ልጁም፣ የልጅ ልጁም ሌላ በር ሲዘጋበት ሙያው ዘር መሰለ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ራሱ የዘጋውን በር ረስቶ «ተፈጥሯቸው ነው» አለ። ተፈጥሮ የምንለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። አጥሩን ማን እንዳጠረው ሲረሳ፣ አጥሩ ተራራ ይመስላል።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠራ የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሁሉንም ጠቅሰው። አዋጁ ከወጣ ስንት ዘመን ሆነው? አባትህ ግን አሁንም ስሙን ደብቆ ይኖራል። አዋጅ አፍ ይዘጋል እንጂ ዓይን አይዘጋም።

ስለዚህ አባትህን አትፍረድበት። እሱ ያመለጠው ከብረት አይደለም። ከዓይን ነው።

---

የወለቃ ልጅ ነኝ — ጥር 19፣ ከቀኑ 6፡50

የመምህርን ጽሑፍ አንብቤ አለቀስኩ። እኔ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። አያቴ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ ትሠራ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን ስንወጣ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

እዚያ ሳለን ስማችን ሌላ ነበር፣ መናገር አልፈልግም። እዚህ ስንመጣ ያ ስም በአንድ ሌሊት ጠፋ። «ኢትዮጵያዊት» ሆንኩ። ትምህርት ቤት ያንን የሚሉኝ በሚያስከፋ ድምፅ ነበር። ያው ሰው ነኝ፣ ያው እጅ፣ ያው ፊት። የሚያየኝ ሲለወጥ ስሜ ተለወጠ።

አያቴ ግን እዚህም ጭቃ ፈለገች። ከበረንዳችን ሥር ካለ አፈር ወስዳ አሸችው፣ አልሆነላትም። «የዚህ አገር አፈር አይሰማኝም» አለች። ለምን እንደምትሠራ ስጠይቃት ስለ ዘርም ስለ ምንም አላወራችም። «ሲሞቅ ድምፁ ደስ ይለኛል» ብቻ አለችኝ። የተተኮሰ ጀበና በጣት ሲመታ ድምፅ አለው፣ ታውቃላችሁ።

ወንድሜ፣ አንተም ቀለሙን ሳይሆን አይቀርም የወደድከው። ሌላውን ሁሉ ሰው ነው የጨመረበት።

---

ሥነ ልቦና አስተማሪ — ጥር 19፣ ከምሽቱ 1፡20

አንድ ጥናት ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገናኛል። ሰለሞን አሽ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ነው። ሰዎችን ክፍል ውስጥ ሰብስቦ መስመሮች ያሳያቸዋል። የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሆነ ይናገሩ ይላል። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው፣ ሕፃን አይሳሳተውም። ዘዴው ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቀድመው የተመከሩ መሆናቸው ነው። ሆን ብለው አንድ ላይ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያ አንዱ ሰው ምን ይላል?

ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ። በዓይናቸው እያዩ። በኋላ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ «ዓይኔን ተጠራጠርኩ» አሉ፣ አንዳንዶቹ «ልለይባቸው አልፈለግኩም» አሉ። ይሉኝታ የጎንደር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከተመከሩት መሃል አንዱ ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲደረግ፣ የዚያ ብቸኛ ሰው ስሕተት እጅግ ቀነሰ። ሁሉም መስማማት አላስፈለገም። አንድ ሰው በቃ።

የአዘዞው ወንድሜ፣ «የትኛው ድምፅ የኔ ነው» ብለህ ጠይቀሃል። ብቻህን ክፍልህን ዘግተህ ይህን አታገኘውም። ያንተን ያየ አንድ ሰው ፈልግ። ምናልባት ሽማግሌው ይሆኑ ይሆናል።

---

ቅኔ ቤት የነበርኩ — ጥር 19፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ከመምህራችን እግር ሥር ተቀምጠን ቅኔ ስንቆጥር «ሰምና ወርቅ» ሲባል ስንት ዓመት ሰማሁ። ስሙ ከየት እንደመጣ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ከአንጥረኛ ቤት ነው! አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ሊቃውንቱ የጥበባቸውን ስም የወሰዱት ከዚያ እቶን ነው። ያንን እቶን የሚያነደውን ሰው ግን ማዕድ ላይ ለብቻው አስቀመጥነው።

ደግሞ መጽሐፉን ለሚያከብር ሰው፣ ዘጸአት 31ን ያንብብ። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈሱን እንደሞላበት ተጽፏል። ሙያ እርግማን ነው የሚል እዚያ የለም።

ለአባትህ ይህን ንገረው። ከሌላ ሰው አፍ ይሻለዋል ብለህ ካሰብክ ንስሐ አባቱን አማክር።

---

ማህሌት ከማራኪ — ጥር 20፣ ከጠዋቱ 2፡30

ሁላችሁም በጣም ጥሩ ጻፋችሁ። አንድ የረሳችሁት ሰው ግን አለ። ወንድሜ፣ እህት አለችህ?

የምጠይቀው እኔ ራሴ እህት ስለሆንኩ ነው። ዝርዝሩን አልናገርም። ወንድሜ አንድ ነገር በድፍረት አደረገ፣ ሰው ሁሉ «ጀግና» አለው። ሊፈጸም የነበረው የኔ ጋብቻ ግን በዚያ ምክንያት ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጠሩ፣ አንድ ነገር አገኙ፣ መልስ ሳይሰጡ ቀሩ። ዛሬ እሱ በሠራው ይኮራል። እኔም እኮራበታለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ዋጋውን ማን እንደከፈለ አልጠየቀኝም። አንድ ቀን እንኳ።

«የሕይወቴ ዓላማ» ስንል የኛ ብቻ የሆነ ነገር ይመስለናል። እዚህ አገር ሰው ብቻውን አይቆምም። አንተ ሥራ ቤትህ በር ላይ ስምህን ስትጽፍ የአባትህን ስም ነው አብረህ የምትጽፈው። የእህትህንም።

አትሥራ አላልኩህም። መጀመሪያ ጠይቃት።

---

የአዘዞ ልጅ — ጥር 20፣ ከምሽቱ 2፡00

ማህሌት፣ አመሰግናለሁ። አለችኝ። የ24 ዓመት ናት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊላክላት ነው። ይህን እያወቅኩ አንድ ጊዜ እንኳ ከዚህ ጋር አላያያዝኩትም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጥያቄው የኔና የአባቴ ብቻ መስሎኝ ነበር። ያንቺን ጽሑፍ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

---

ዋሽንግተን — ጥር 21፣ ከሌሊቱ 8፡15

ከሩቅ ሆኜ ላካፍል። የጎንደር ልጅ ነኝ፣ 11 ዓመት አሜሪካ ኖሬያለሁ። ከአገር ስወጣ አንዱ ምክንያቴ ይሄው ነበር። «ሰው ምን ይላል» የማይባልበት ቦታ ሄጄ ራሴን አገኛለሁ ብዬ።

እዚህ ማንም ምንም አይለኝም። እውነት ነው። ጎረቤቴ ስሜን አያውቅም። ቢታመምም ባይታመምም አላውቅም። ፈለግኩ ሹፌር እሆናለሁ፣ ፈለግኩ ፀጉሬን አሳድጋለሁ። ነፃ ነኝ። ግን ራሴን አላገኘሁም። የሚያየኝ ሰው ሲጠፋ እኔም የደበዘዝኩ መሰለኝ። ጠዋት ተነስቼ ለምን እንደምሠራ የጠየቅኩት እዚህ ነው፣ ጎንደር ሳለሁ አይደለም።

ይሉኝታ አንቆኝ ነበር። እንደሌለ ሳየው ደግሞ የደገፈኝም እሱ እንደነበር ገባኝ። እናቴ ስትሞት ያ «ምን ይሉኛል» ብሎ የሚኖር ሰፈር ነው አርባዋን ያወጣላት። ለቅሶ የደረሰው፣ ድንኳን የተከለው፣ እንጀራ ይዞ የመጣው። እኔ ገንዘብ ላክሁ ብቻ።

---

ጡረተኛው መምህር — ጥር 21፣ ከጠዋቱ 3፡40

ዋሽንግተን ያለኸው ልጄ፣ አምላክ ነፍሷን ይማር። የጻፍከው ከልብ ገባኝ።

ቃሉን እስኪ እንየው። «ይሉኝታ» ከ«ይሉኛል» ነው የመጣው። ችግሩ «እነሱ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ አለመታወቁ ነው። አባትህን «ማን ይልሃል?» ብለህ ብትጠይቀው የአንድ ሰው ስም ላይነግርህ ይችላል። ከዚያ ገጠር ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ይሰድቡት ከነበሩት ስንቶቹ በሕይወት አሉ? ሰው ግን በልጅነቱ ያየውን ዓይን ይዞ ይሰደዳል። እንዲያውም ከራሱ ዓይን ይልቅ ያንን ነው የሚያምነው።

እና የሥነ ልቦና መምህሯ ወይም መምህሩ ያሉት ልክ ነው። ዓይን በዓይን ነው የሚተካው። ይሉኝታን ነቅለህ አትጥለውም፤ የማን ፊት ቆመህ እንደምታፍርና እንደምትኮራ ግን መምረጥ ትችላለህ። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህሬ ፊት ማፈርን መረጥኩ። እሳቸው ካረፉ ቆዩ። እስከ ዛሬ ስሕተት የሆነ ነገር ልጽፍ ስል እጄን የሚይዙኝ እሳቸው ናቸው።

---

ፒያሳ ባለሱቅ — ጥር 21፣ ከቀኑ 7፡05

መምህር፣ እድሜ ይስጥልን።

ወንድሜ፣ ሥራ ቤቱን ከከፈትክ የመጀመሪያዋን ቢላ እኔ ነኝ የምገዛህ። ሱቄ ላይ እሰቅላታለሁ። የማን ሥራ እንደሆነችም ለጠየቀኝ እናገራለሁ።

---

የአዘዞ ልጅ — መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቆየሁባችሁ። ብዙዎቻችሁ በግል ጻፋችሁልኝ፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ።

በመጀመሪያ እህቴን ጠየቅኳት። ሁሉንም ነገርኳት። አያታችንን፣ አባታችንን፣ የኔን ቅዳሜዎች። ረጅም ሰዓት ዝም አለች። ከዚያ «ለእሱ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት» አለች። ለእጮኛዋ ማለቷ ነው። ፈራሁ። «ቆይ» አልኳት። «ዘሬን ሰው ሲነግረው ከሚሰማ ከኔ ይስማ። ቢሄድም አሁን ይሂድ» አለች። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ጥላሸት ስፈትግ እሷ በአንድ ምሽት ወሰነች።

ነገረችው። ልጁ ለሁለት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ቤታችን እንዴት እንዳለፈ አልጽፍም። በኋላ ተመልሶ መጣ። እናቱ ገና አልተቀበሉትም። ከፋሲካ በኋላ ምን እንደሚሆን አናውቅም። ማህሌት፣ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አሁን አውቃለሁ። በየቀኑ አየዋለሁ።

ሥራዬን አልለቀቅኩም። ግን ግማሽ ቀን ቅዳሜ የነበረው አሁን ቅዳሜና እሁድ ሆኗል። ከሽማግሌው ጎን አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራየሁ። ዶማና ቢላ እሠራለሁ። አሥር ስሠራ ሦስቱ ይሰነጠቃሉ። ሽማግሌው የተሰነጠቀውን አንስተው በጆሯቸው አጠገብ በጣታቸው ይመቱታል። ወለቃ ያልሽው እህቴ፣ ያንቺን አያት አስታወሱኝ።

የጠየቅኩትን ጥያቄ ልመልስ። የኔ ነው ወይስ የደም? አሁን ብዙም አያስጨንቀኝም። ብረቱ ቀልቶ ሲወጣ ጥያቄው አይመጣብኝም። ቢሮ ስቀመጥ ነው የሚመጣው።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንደለበሰ አባቴ መጣ። ቀጥሮኝ አልነበረም። በር ላይ ቆመ፣ አልገባም። ጎረቤት ሱቅ ያሉ ሰዎች አዩት። እሱም ማየታቸውን አየ። መዶሻውን አስቀምጬ ልነሳ ስል በእጁ «ተቀመጥ» አለኝ። ብረቱን አየ፣ ወናፉን አየ፣ ወለሉ ላይ የተቆለለውን ከሰል ጎንበስ ብሎ አንዷን አነሳና በጣቶቹ ሰበራት።

«ይሄ የባሕር ዛፍ ነው» አለኝ። «ከየት ነው የምትገዛው?»

ነገርኩት።

«የግራር ፈልግ» አለ። ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ።